የታጁ ሚስት አገር

ሰዓዳ አቃቂ ስትመጣ ገና ለጋ ሙሽራ ነበረች። ባሏ ታጁ የስልጤ ሰው ነው። በልጅነቱ ከአገሩ ወጥቶ ድሬዳዋ በአጎቱ ሱቅ ሲያገለግል አደገ፤ እዚያው አገባት። የራሱን ንግድ ለመጀመር ሲያስብ ደግሞ አቃቂን መረጠ። ያን ጊዜ አቃቂ ፋብሪካ በፋብሪካ ላይ የሚተከልባት ከተማ ነበረች። የጨርቃ ጨርቁ ሠራተኛ ፈረቃ ጨርሶ ሲወጣ መንገዱ ነጭ በነጭ ይሆናል፤ ብናኙ ጥጥ ፀጉራቸው ላይ፣ ቅንድባቸው ላይ ሳይቀር ተለጥፎ። ታጁ ለዚያ ሰው ሳሙና፣ ስኳር፣ ክብሪትና ሲጋራ የሚሸጥ ሱቅ ከባቡር ጣቢያው ወደ ፋብሪካው በሚወስደው መንገድ ዳር ከፈተ። ከሱቁ ጀርባ ያለችው አንዲት ክፍል ቤታቸው ሆነች።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ራሷ ሰዓዳ ናት፤ ካረጀች በኋላ፣ ጎረቤቷ በነበርኩበት ጊዜ።

“የት አገር ሰው ነሽ?” ሲሏት “ከድሬዳዋ” ትል ነበር። ውሸት አይደለም፤ የመጣችው ከድሬዳዋ ነው። የተወለደችው ግን አይሻ ነው፤ ሐዲዱ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ በረሃው መሃል ያለች ጣቢያ። አባቷ ባቡር ሲቆም ለመንገደኛ የግመል ወተት የሚሸጥ ሱማሌ ነበር፤ እናቷም እንደዚያው። አቃቂ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ታጁ ብቻ ነው። ሊደብቁት ብለው አልነበረም፤ ከድሬዳዋ ወዲያ ጠልቆ የጠየቀ ሰው ስላልነበረ ነው። አማርኛዋ አንዳንድ ቦታ ሲሰበር “የሐረርጌ አነጋገር ነው” ይሉና ያልፏታል።

የግድግዳ ጎረቤቷ አቻምየለሽ ትባላለች። ባሏ የሐዲድ ጠጋኝ ነበር፤ እሱ ሲሞትባት ጠላ እየጠመቀች አንድ ልጇን አሻግሬን አሳደገች። ሰዓዳ የመጀመሪያ ልጇን ሰኪናን ስትወልድ ከአጠገቧ ያልተለየችው አቻምየለሽ ናት። አንዷ የሌላዋን ሥጋ አትበላም፤ ከዚያ በቀር ያልተካፈሉት ነገር አልነበረም። አሻግሬ አድጎ ወታደር ቤት ተቀጠረና ሐረርጌ ካለው ጦር ጋር ተመደበ። ለእረፍት ሲመጣ ሰኪናን ትከሻው ላይ አድርጎ እስከ ጣቢያው ይወስዳታል፤ ባቡር ያሳያታል።

በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ረመዳን ጥር ላይ ዋለ። ሰዓዳ ጾሙን በደህና ጀምራ ነበር። ወሩ ሊያልቅ ሲቃረብ ግን ከመንገዱ ማዶ ያለው ቡና ቤት ሌላ መልክ ያዘ። ሬዲዮው ሲዘፍን ሲሳሳቁ የነበሩት ሠራተኞች አሁን ዜና ሲነገር ምሳቸውን ትተው ደጁ ላይ ይቆማሉ። ድንበር ላይ ተኩስ ተከፍቷል። ቶጎ ውጫሌ ላይ ውጊያ ሆኗል። የሱማሌ መንግሥት ጦር ገብቷል። “ሱማሌ” የሚለው ቃል በዚያ መንገድ ላይ እምብዛም ተሰምቶ አያውቅም ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላ የማይጠራው አፍ ጠፋ።

አቻምየለሽ ነጠላዋ መሬት እየጎተተ ሱቁ ውስጥ ገባች።

“ሰዓዳ! ልጄ እኮ እዚያ ነው! እዚያው ነው ያለው!”

“አይዞዎት እትዬ፣ አላህ ያውጣዋል” አለችና ሰዓዳ እጇን ያዘችላት። እጇን ይዛ ቆማ ሳለ አንድ ሐሳብ እንደ በረዶ ወረደባት፦ ይህች ሴት የማን ልጅ መሆኔን ብታውቅ እጄን ትይዘው ነበር?

የዚያን ዕለት ታጁ ሱቁን ከወትሮው ቀደም ብሎ ዘጋ።

“ስሚኝ፤ ካሁን በኋላ ያንን ቋንቋ ከአፍሽ አታውጪ” አላት።

“ከማን ጋር አወራዋለሁ? እዚህ የሚሰማው ማን አለ?”

“ሰኪና አለች። ሰኪና ደግሞ ውጭ ትጫወታለች።”

ሰዓዳ ያኔ ነው ነገሩ የገባት። ሰኪና እናቷን የምትጠራት “ሆዮ” ብላ ነበር፤ በሱማሌ “እማዬ” ማለት ነው። ከዚያ በፊት ጎረቤት ሲሰማው የልጅ ኮልታፋ አፍ መስሎት ይስቅበት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቱ “ሆዮ” ስትል ሰዓዳ አትመልስም። ቀሚሷን እየጎተተች “ሆዮ፣ ሆዮ” ስትላት ጀርባዋን ሰጥታ ስኳር ትመዝናለች። “እማዬ” ስትል ብቻ ዞር ብላ ትስማታለች፤ ከረሜላ ታጎርሳታለች። ልጅ ምን አለበት፣ ባጭር ጊዜ ለመደችው።

“ባትለምደው ፈርቼ ነበር” አለችኝ ሰዓዳ። “በለመደችው ቀን ደግሞ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።”

ዒዱ ደረሰ። ታጁ ለሶላት ብቻውን ሄዶ ተመለሰ። ሰዓዳ ለበዓሉ ያሰፋችውን ቀሚስ ሳትለብሰው ቤት ውስጥ ዋለች።

ከበዓሉ ጥቂት ቀን በኋላ አንድ ጠዋት ሮሪሳ የሚባል ሰው ከባቡር ወርዶ በሱቁ ደጅ ሲያልፍ ጎረምሶች ከበቡት። ሮሪሳ ከመተሐራ ቆላ ከሰል በባቡር እያመጣ የሚሸጥ ከረዩ ነው። ሽርጥ አገልድሞ፣ ፀጉሩን አጎፍሮ ይሄዳል። ጎረምሶቹ ሥራ ፍለጋ በቅርብ የመጡ ነበሩና አያውቁትም።

“ሱማሌ! ሰላይ!” አለ አንዱ።

ሮሪሳ በኦሮምኛ መለሰ። የሚሉት አልገባውም ነበር፤ የሚለውም አልገባቸውም። አንዱ ድንጋይ ወረወረ፤ ሌሎቹ ተከተሉ። ሰዓዳ ከባንኮኒው ጀርባ ሆና ታያለች። ሰውየው ራሱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ከሰሉ ላይ ወደቀ። ከባንኮኒው ወጥታ ያደረገችው ነገር ቢኖር የበሩን አንዱን መዝጊያ ገርበብ ማድረግ ነው።

በመጨረሻ ጭድ ጭኖ ይመጣ የነበረ ቀጀላ የሚባል የአካባቢው ገበሬ አህያውን ጥሎ መሃላቸው ገባ።

“እናንተ! ይሄ ከረዩ ነው! ኦሮሞ ነው! የሚናገረውን አትሰሙም?”

ጎረምሶቹ አፍረው ተበተኑ። ታጁና ቀጀላ ሮሪሳን ደግፈው፣ ደሙን አጥበው፣ በሚቀጥለው ባቡር ወደ አገሩ ሰደዱት። ከሰሉ መንገዱ ላይ ተበትኖ ቀረ፤ አላፊ አግዳሚው ሲረግጠው ዋለ።

ሰዓዳ ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ አልወርድ አላት። ሱማሌ ያልሆነውን እንዲህ ካደረጉት ሱማሌ የሆነችውንስ?

ሳህሌ የሚባል የፋብሪካው የዘበኞች አለቃ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን የቀድሞ ወታደር ስለሆነ ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ሠፈሩን ሁሉ የሚጠብቅ መስሎ ይሰማዋል። አንድ ቀን ሲጋራ ሊገዛ መጣና ገንዘቡን ሰጥቶ አልሄድ አለ።

“የድሬዳዋዋ፣ ለመሆኑ ሠፈርሽ የት ነው እዚያ?”

“ቀፊራ ነው ጋሼ።”

“ቀፊራ! አውቀዋለሁ እኮ። የማን ልጅ ነሽ?”

“የታጁ አጎት ቤት ነበር የምኖረው…”

“እሱማ የባልሽ ዘመድ ነው። እኔ የምጠይቅሽ አባትሽን ነው።”

ሰዓዳ የያዘችው የክብሪት እሽግ ባንኮኒው ላይ ተበተነ፤ ለመልቀም ጎንበስ አለች። ታጁ ከጓዳ እየሮጠ ወጣ።

“አባቷ ሞቷል ጋሼ ሳህሌ። እንዲያው ሲነሳባት አትወድም።”

“ነፍስ ይማር” አለ ሳህሌ። ሲጋራውን ለኮሰና ትንሽ አያት፤ ሄደ።

የሰዓዳ አባት በሕይወት ነበር። አይሻ ተቀምጦ ወተቱን ይሸጣል። “ታጁ በአንድ ቃል ገደለው” አለችኝ። “ለእኔ ብሎ ነው፤ አውቃለሁ። ግን አባቴ እውነት የሞተ ያህል በልቤ ሐዘን ተቀመጥኩ።”

የካቲት ሳያልቅ አሻግሬ መቁሰሉ ተሰማ። ጭኑን ተመትቶ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቶ ሰነበተና፣ ቁስሉ ጠገገ ተብሎ በሁዳዴ መግቢያ በምርኩዝ ቤቱ ገባ። ሰፈሩ በእልልታ ተቀበለው። ሰዓዳም እልል አለች፤ ግን ከሰው ኋላ ሆና። ብዙም ሳይቆይ ቁስሉ አመረቀዘና ትኩሳት ጣለው። ድሬሰር እየመጣ መርፌ ይወጋዋል። አቻምየለሽ ለቁስለኛ ውሃ ነፍስ ያጠፋል ሲባል ሰምታ ስለነበር አጥሚት ብቻ ትግተው ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ አቻምየለሽ በግድግዳው በኩል ተጣራች። “ሰዓዳ፣ እባክሽ ነይልኝ፤ ልጄ ይቃዣል።”

ሰዓዳ ገባች። አሻግሬ ዓይኑ ተገልጦ ምንም አያይም። ከንፈሩ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል።

“ቢዮ… ቢዮ ኢ ሲ… ቢዮ…”

“ይኸው ከጠዋት ጀምሮ ይችን ሴት ይጣራል” አለች አቻምየለሽ እንባዋን እየጠረገች። “ቢዮ ማናት? ሳይነግረኝ እዚያ አግብቶ ይሆን? ምን ዓይነት ስም ነው?”

ሰዓዳ ግን ገባት። ቢዮ የሴት ስም አይደለም። ቢዮ ውሃ ነው። ልጁ እየለመነ ያለው በእናቷ ቋንቋ ነው፤ ውሃ ስጡኝ እያለ ነው።

ዝም ብትል ማንም አያውቅም። “ሰኪናን ብቻዋን ትቻት ነው የመጣሁት” አለችና ወደ በሩ ሄደች። እግሯ ደጃፉን ሊሻገር ሲል ያ ድምፅ እንደገና መጣ፤ አሁን ደክሟል፣ እንደ ልጅ ሆኗል። አይሻ በረሃ ውስጥ ውሃ የለመነ ሰው ማን ነህ አይባልም። መጀመሪያ ይጠጣል፤ ስሙ ከዚያ በኋላ ይጠየቃል። እሷ ያደገችው እንዲህ ነው።

ተመለሰች።

“ውሃ ነው የሚለው እትዬ። ውሃ ስጡኝ ነው የሚለው።”

“በምን ቋንቋ?”

“በሱማሌ።”

“እሱስ እዚያ ከርሟል፤ ይልመደው። አንቺ በምን አወቅሽ?”

ሰዓዳ እንስራው ጋ ሄዳ በጣሳ ቀዳች። የልጁን ራስ ቀና አድርጋ ጣሳውን ከንፈሩ ላይ አስጠጋችለት። ጠጣ። ደግማ ቀዳችለት፤ ጠጣ። አቻምየለሽ እንደ ምሰሶ ቆማ አንዴ ጣሳውን፣ አንዴ የሰዓዳን ፊት ታያለች። ሰዓዳ ጣሳውን አስቀምጣ ስትወጣ “ደህና ዋይ” እንኳ አላለቻትም።

ለታጁ ስትነግረው ራሱን ያዘ። “ምን አደረግሽን! ምን አደረግሽን ሰዓዳ!” ቆየት ብሎ ደግሞ “እኔም ብሆን ምን አደርግ ነበር” አለ። ወደ ስልጤ፣ ወደ እናቱ ዘንድ ሊልካት አሰበ። ግን ሱቁን በድንገት ትታ ብትጠፋ ሳህሌ ምን ይላል? ያ ራሱ ምስክር ይሆናል። እንዲሁ በመፍራት ቀናት አለፉ። ከግድግዳው ማዶ ድምፅ ጠፋ። አቻምየለሽ መንገድ ላይ ስታገኛት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ታልፋለች። ሰዓዳ ሰው ሁለት ሆኖ ቆሞ ሲያወራ ባየች ቁጥር ስለ እሷ ይመስላታል። አንዳንዴም ልክ ነበረች።

የፈራችው በጠራራ ፀሐይ መጣ። ሁለት ፖሊሶች ሱቁ በር ላይ ቆሙ፤ “የታጁ ሚስት፣ ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ” አሏት። ታጁ ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ሄዷል። ነጠላዋን ለበሰች፤ ሱቁን መዝጋት አቃታት፤ አንደኛው ፖሊስ ነው የዘጋላት። ያኔ ሰኪና ከልጆች መሃል ሮጣ መጣችና እግሯ ላይ ተጠመጠመች። በዚያ ድንጋጤ የለመደችው ሁሉ ከአፏ ጠፋ። “ሆዮ! ሆዮ!” እያለች ጮኸች። መንገዱ ሙሉ ሰው ይሰማል። ሰዓዳ ልጇን ማቀፍ እንኳ ፈርታ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከቀሚሷ አላቀቀቻቸው።

ፖሊስ ጣቢያ አንድ ወጣት የመቶ አለቃ ፊቱን ሳያነሳ ጠየቃት።

“ሱማሌ ነሽ?”

“አዎ።”

ለሳምንታት ስትፈራው የከረመችው ቃል አንዴ ከወጣ በኋላ እንደቀለላት ነገረችኝ።

“ሱቅሽ ከጣቢያው አጠገብ ነው። ወታደር የጫነ ባቡር ሲያልፍ ታያለሽ።”

“አቃቂ ያለ ሰው ሁሉ ያየዋል ጌታዬ።”

“ለማን ትናገሪያለሽ?”

“ለማንም። ማን አለኝና?”

የመቶ አለቃው ለሌላኛው አንድ ነገር አለው። ሰዓዳ የሰማችው “ወደ ከተማ ትሂድ፤ እዚያ ያጣሯት” የሚለውን ነው። ወደ ከተማ ከተወሰደች ታጁ የት ብሎ ያገኛታል? አግዳሚ ላይ አስቀምጠዋት መኪና ሲጠብቁ ጸሎት ልታደርስ ሞከረች፤ ከድንጋጤዋ ብዛት ከልጅነቷ የምታውቀው ቃል ጠፋባት።

በመሃሉ ደጁ ላይ ዘበኛው ከአንዲት ሴት ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰማ።

“ዞር በል! እኔ የወታደር እናት ነኝ!”

አቻምየለሽ ገባች። ሰኪናን አዝላለች። ልጅቱ ለቅሶ ደክሟት ጀርባዋ ላይ ተኝታለች።

“ምን ፈልገው ነው እናቴ?” አለ የመቶ አለቃው።

“ይህች ሴት ሱማሌ መሆኗን የሰማችሁት ከእኔ አፍ ወጥቶ ነው። ተናድጄ ለማኅበር ሴቶች አወራሁት፤ እነሱም አወሩት። እንግዲህ ግማሹን ከእኔ ከሰማችሁ ቀሪውንም ከእኔ ስሙ።”

“እናቴ፣ ልጅዎን የመታው የማን ጥይት እንደሆነ ያውቃሉ?”

“አውቃለሁ። እሱን ሳስብ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። ግን ልጄ ዛሬ ትኩሳቱ ለቆት ተቀምጧል። እኔ እናቱ ውሃ ስከለክለው ያጠጣችው እሷ ናት። ዝም ብላ ብትወጣ ኖሮ እኔ በምን አውቅባት ነበር? እናንተስ በምን ታገኟት ነበር?”

የመቶ አለቃው ብዕሩን አስቀመጠ። ሰዓዳን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

“ዋስ ይሆናሉ? ብትጠፋ እኮ የሚታሰሩት እርስዎ ነዎት።”

“እታሰራለኋ።”

አቻምየለሽ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። ሰዓዳ ከአቃቂ እንዳትወጣ፣ በየሳምንቱም ቀርባ እንድትታይ ተብላ ተለቀቀች። ሱቁ ደጅ ሲደርሱ አቻምየለሽ ልጅቱን ከጀርባዋ አወረደችና አቀበለቻት።

“ለአንቺ ብዬ ብቻ እንዳይመስልሽ” አለች። “ፈርቼ ነው።”

“ምኑን እትዬ?”

“ልጄ ሲድን ‘ሰዓዳ የት ሄደች?’ ብሎ እንዳይጠይቀኝ።”

አሻግሬ ዳነ፤ እግሩ ግን አጥሮ ቀረ። ቃሉን የት እንደተማረ ሲጠይቁት፣ ተመትቶ ከወገኖቹ ተነጥሎ ቁጥቋጦ ሥር በወደቀበት ጊዜ ሰዎች በአጠገቡ ሲያልፉ እንደሰማ ተናገረ። በአማርኛ ቢጮህ የሚገባቸው አልመሰለውም፤ ስለዚህ ከገበያ የለቀማትን ያችን ቃል ደጋግሞ ጠራ።

“ሰጡህ?” አለችው እናቱ።

“አንድ ሰው ሰጠኝ። ማን እንደሆነ አላየሁም፤ ፀሐዩ ዓይኔን ይዞት ነበር።”

መጋቢት ሊያልቅ ሲል ያው የቡና ቤቱ ሬዲዮ ተኩስ መቆሙን አወራ። ሠራተኛው አጨበጨበ። ሰዓዳ ባንኮኒውን ተደግፋ ቆመች፤ ለማጨብጨብ አልደፈረችም። ፖሊስ ጣቢያም ከዚያ በኋላ ጥቂት ጊዜ ቀርባ “ይበቃል፣ አትምጪ” አሏት።

ሁሉም ግን እንደ ድሮው አልሆነም። አንዳንድ ደንበኛ ሱቁን አልፎ ሄዶ ከሌላ ይገዛል። ሳህሌ ሲጋራውን ከመንገዱ ማዶ መግዛት ጀመረ፤ ሰላምታ ግን አልከለከላትም። ታጁ ተስፋ ቆረጠ።

“ሱቁን ሽጠን መርካቶ እንግባ። እዚያ ማንም አያውቅሽም” አላት።

“እሱ ነው የሚያስፈራኝ” አለች ሰዓዳ። “እዚያ ሌላ ጦርነት ቢነሳ እንደገና ልደበቅ ነው። እዚህ ያወቀኝ አውቆኛል። የሚጠላኝም ማን እንደሆነ ለይቼዋለሁ።”

አልሄዱም። ልጆቿን ሁሉ አቃቂ ወለደች። አባቷንም ዓመቱ ዞሮ መንገዱ ሲረጋ አይሻ ወርዳ አየችው፤ ታጁ ገድሎት እንደነበር አልነገረችውም። ለብዙ ዓመት ግን፣ በሱቁ ደጅ የወታደር ጫማ ኮቴ በሰማች ቁጥር የያዘችው ነገር ከእጇ ያመልጥ ነበር።